ከግሱ በኋላ የምትመጣው ትንሽ ቃል፦ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሶችንና ፈሊጦችን የተማርኩበት መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዕለቱ ሥራ ያልገባችበትን ምክንያት የሚገልጽ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ጻፈችልኝ። መልእክቱ አባቷ ጠዋት «ፓስ አውት» እንዳደረጉና እርሷም ሐኪም ቤት እንደምትገኝ ይናገራል። «ፓስ» ማለት ማለፍ፣ «አውት» ማለት ደግሞ ወደ ውጭ መሆኑን ስለማውቅ ሁለቱን ቃላት አጋጥሜ ሰውዬው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል ብዬ ደመደምኩ። ወዲያውኑም ነፍሳቸውን እንዲምር፣ ለቤተሰቡም መጽናናትን እንዲሰጥ የሚመኝ የሐዘን መልእክት ላክሁላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የደረሰኝ መልስ አባቷ ራሳቸውን ስተው ወድቀው እንደነበር፣ አሁን ግን ነቅተው ከሐኪሙ ጋር እየተነጋገሩ መሆናቸውን የሚገልጽ ነበር። መሞትን በአክብሮት የሚገልጸው «ፓስ አዌይ» ነው፤ «ፓስ አውት» ግን ራስን መሳት ነው። ግሱ አንድ ሆኖ ሳለ ከኋላው የተከተለችው ትንሽ ቃል ብቻ ሞትንና ሕይወትን ለይታለች። ባልደረባዬ ቅር አልተሰኘችብኝም፤ እኔ ግን አባቷ በታመሙበት ቀን ያንን መልእክት እንድታነብ ማድረጌ ለረጅም ጊዜ ከልቤ አልወጣም።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ አላውቅም የምል ሰው አልነበርኩም። ሰዋስው በሚገባ ተምሬአለሁ፤ ረጃጅም ዘገባዎችን ያለ መዝገበ ቃላት አነብ ነበር። መመርመር፣ መታገሥ፣ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ የሚሉትን ሐሳቦች «ኢንቬስቲጌት»፣ «ቶለሬት»፣ «ፖስትፖን» በሚሉት ቃላት አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። ሰዎች በንግግራቸው ግን እነዚህን አይጠቀሙም። «ሉክ ኢንቱ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ፑት ኦፍ» ነው የሚሉት። ከባድ የሚባሉትን ቃላት እያወቅሁ ማንኛውም ጀማሪ የሚያውቃቸው ቃላት አንድ ላይ ሲሰለፉ ግራ እጋባ ነበር። ለዚህ ታሪካዊ ምክንያት እንዳለው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱ፣ የሕጉና የትምህርቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛና ላቲን ስለነበር የክብሩ ቃላት ባብዛኛው ከእነዚህ የመጡ ሲሆኑ፣ የቤቱና የመንገዱ ቋንቋ ግን በነባሮቹ አጫጭር ግሶች መኖሩን ቀጠለ። በትምህርት ቤትና በመጻሕፍት የተማርን ሰዎች የፊተኛውን እንግሊዝኛ ይዘን እንወጣና ከኋለኛው ጋር የምንገናኘው በሥራ ቦታ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግስን ከኋላው በሚከተል ትንሽ ቃል ትርጉሙን የመለወጥ ልማድ ለባዕዳን ትልቁን ችግር እንደሚፈጥር ጽፎአል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ችግሩ የእኔ የግል ስንፍና አለመሆኑን አውቄ ተጽናናሁ።

ከሐዘን መልእክቱ በኋላ የወሰድኩት የመጀመሪያ እርምጃ ግን የተሳሳተ ነበር። ወፍራም ደብተር ገዝቼ ሐረጋዊ ግሶችን፣ ማለትም እንደ «ፓስ አውት» ግስና ትንሽ ቃል ተጣምረው አንድ ትርጉም የሚሰጡትን፣ በግሳቸው እየመደብኩ መጻፍ ጀመርኩ። «ጌት» ለሚለው ግስ ብቻ ሁለት ገጽ ሞላሁ፦ «ጌት አፕ»፣ «ጌት ኦን»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ»፣ «ጌት አዌይ ዊዝ»፣ ሌሎችም። ማታ ማታ እያነበብኩ በቃሌ ያዝኳቸው፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ስፈተን ግን የአንዱን ትርጉም ለሌላው እሰጥ ነበር። ስሕተቱ የገባኝ ከብዙ ድካም በኋላ ነው። መልካቸው የተቀራረበ ነገሮችን በአንድ ቀን አንድ ላይ ማጥናት፣ ስማቸው የሚመሳሰል አሥር እንግዶችን በአንድ ምሽት እንደ መተዋወቅ ነው፤ ሁሉም አንድ በአንድ ከመታወቅ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይደባለቃሉ። በግስ የተመደበ ዝርዝር አንድን ነገር ለመፈለግ ይጠቅማል፤ ለመማር ግን አይረዳም።

አቅጣጫዬን የለወጠው አማርኛ የሚማር አንድ ወዳጄ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። «ብድግ አለ» የሚለውን ሐረግ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አግኝቶ፣ «አለ» ማለት መናገር ከሆነ ሰውየው «ብድግ» ብሎ የተናገረው ምን ማለት ነው ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጣሁለት። «ብድግ» ለብቻው ምንም አይደለም፤ «አለ»ም እዚህ ቦታ መናገርን አይገልጽም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ከመቀመጫ መነሳት ይሆናሉ። «ዝም አለ» ሲባል ሰውየው ጭራሽ አልተናገረም። «ቁጭ አለ»፣ «ቀና አለ»፣ «ከተፍ አለ»፣ «እልም አለ» እያልኩ ስቆጥርለት፣ እርሱ የሚሠቃይበት ነገር እኔ ከምሠቃይበት ጋር አንድ መሆኑ ብልጭ አለልኝ። በአማርኛው የትርጉሙን ሸክም የሚሸከመው ፊተኛው ቃል ነው፤ «አለ» ባለቤቱንና ጊዜውን ብቻ ይነግረናል። በእንግሊዝኛውም «ጌት» የሚለው ግስ በአመዛኙ ባዶ ዕቃ ነው፤ የሚሞላው ከኋላው የሚመጣው ቃል ነው። ልዩነቱ በእኛ ሸክሙ ከፊት፣ በእነርሱ ከኋላ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሁሉ ግሱን አጥብቄ ይዤ ትንሿን ቃል እንደ ትርፍ ነገር ስዘልላት ኖሬአለሁ። «ብድግ አለ»ን በልጅነታችን ማንም ለሁለት ቆርጦ እንዳላስተማረን ሁሉ፣ «ፓስ አውት»ንም እንደ አንድ ቃል መቀበል እንዳለብኝ ያን ቀን ወሰንኩ።

ከዚያ በኋላ ትኩረቴን ወደ ተከታዮቹ ቃላት አዞርኩ፤ ቁጥራቸው ጥቂት መሆኑ ራሱ እፎይታ ነበር። «አፕ» በብዙ ቦታ ነገሩ እስከ ጫፍ መድረሱን ይናገራል። «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ መብላት፣ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ መጠጣት፣ «ዩዝ አፕ» ደግሞ አሟጥጦ መጨረስ ነው፤ አማርኛው «ጥርግ» እና «ጭልጥ» በሚሉት ቃላት የሚሠራውን ሥራ እንግሊዝኛው በአንዲት «አፕ» ይሠራዋል። «ብሪንግ አፕ» በስብሰባ ላይ አንድን ጉዳይ ማንሳት ሲሆን፣ እኛም «ጉዳዩን አነሳው» ስለምንል ምስሉ ከእኛው ጋር ይገጥማል። «ኦን» በ«ካሪ ኦን» እና በ«ኪፕ ኦን» ውስጥ መቀጠልን ያመለክታል። «ዳውን» ደግሞ መቀነስን ወይም ከአገልግሎት መውጣትን ይገልጻል፤ «ስሎው ዳውን» ፍጥነት መቀነስ፣ «ብሬክ ዳውን» ደግሞ የመኪና ወይም የማሽን መበላሸት ነው። «አውት» አንድም ወደ ግልጽ መውጣት ነው፣ እንደ «ፋይንድ አውት»፤ አንድም ማለቅ ነው፣ እንደ «ራን አውት»። ይህ አካሄድ ሁሉንም አይፈታም፤ ትርጉም ከመገመት በፊት ሳይሆን ትርጉሙን ካወቁ በኋላ ለማስታወስ ቢጠቀሙበት ይሻላል። እኔ «ፓስ አውት»ን የተሳሳትኩት በግምት ስለተማመንኩ ነውና።

በጣም ያስቸገረችኝ «ኦፍ» ናት። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተለጠፈ የአደጋ ጊዜ መመሪያ አላርሙ «ጎ ኦፍ» ካደረገ ሕንፃውን ለቃችሁ ውጡ ይላል። መብራት «ጎ ኦፍ» ካደረገ ጠፋ ማለት መሆኑን ስለማውቅ፣ አላርሙ መጮኹን ሲያቆም ውጡ የሚል አድርጌ ተረዳሁት። እውነታው ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ አላርም «ጎ ኦፍ» አደረገ ማለት ጮኸ ማለት ነው፤ ቦምብም «ጎ ኦፍ» አደረገ ከተባለ ፈነዳ ማለት ነው። ብሪታንያውያን ደግሞ ለተበላሸ ወተት ይህንኑ ሐረግ ይጠቀማሉ። እንዴት አንድ ሐረግ መጥፋትንም መጮኽንም ይገልጻል ብዬ ብዙ ካሰብኩ በኋላ፣ «ኦፍ» ውስጥ ከነበሩበት ሁኔታ መላቀቅ የሚል ሐሳብ አየሁበት። መብራቱ ከመብራት ይላቀቃል፤ ታፍኖ የቆየው ድምፅም ይለቀቃል። ይህ የእኔ የማስታወሻ ዘዴ እንጂ የቋንቋ ሊቃውንት ብያኔ አይደለም፤ ሆኖም «ቴክ ኦፍ» ስለ ልብስ ሲባል ማውለቅ፣ ስለ አውሮፕላን ሲባል ከመሬት መነሳት፣ «ኮል ኦፍ» ደግሞ መሰረዝ መሆኑን ለመያዝ በእጅጉ ረድቶኛል። «ኮል ኦፍ»ንም አስቀድሜ አውቄው ቢሆን ኖሮ፣ የተሰረዘ ስብሰባ ላይ እንዲገኙ አምስት ሰዎችን በስልክ ባልጠራሁ ነበር።

የቃላቱ አቀማመጥ ሁለተኛው እንቅፋት ነው። መብራቱን አጥፋ ለማለት «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ወይም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ቢባል ሁለቱም ትክክል ናቸው። መብራቱን በተውላጠ ስም ከተካነው ግን «ተርን ኢት ኦፍ» ብቻ እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። ይህን ደንብ ብዙ ጊዜ አንብቤው ብዙ ጊዜ ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳሁት «ብድግ አደረግሁት» ከሚለው ጋር ሳስተያየው ነው። ተሳቢውን የሚያመለክተው «ት» የሚጣበቀው በ«አደረግሁ» ላይ እንጂ በ«ብድግ» ላይ አይደለም፤ የእንግሊዝኛውም «ኢት» እንዲሁ ከግሱ ጋር ይጣበቃል። «ሉክ አፍተር»ን የመሳሰሉት ግን ፈጽሞ አይከፈሉም፤ ልጁን ተንከባከብ ለማለት «ሉክ አፍተር ሂም» እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» ማለት አይቻልም። እንደ «ፑት አፕ ዊዝ» ባለ ሦስት ቃል የሆኑትም እንዲሁ ናቸው። በደብዳቤ መዝጊያ ላይ የሚዘወተረው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ከኋላው ግስ ሲመጣ ግሱ በ«ኢንግ» ማለቅ አለበት፤ «ቱ ሚት ዩ» ሳይሆን «ቱ ሚቲንግ ዩ» ነው የሚባለው። እኔ ለዓመታት በስሕተት ጽፌዋለሁና ይህን የምታነቡ ሁሉ የላካችኋቸውን ደብዳቤዎች መለስ ብላችሁ እንድታዩ እመክራለሁ።

በጽሑፍ የማውቀውን በጆሮዬ መለየት አለመቻሌ ሌላ ችግር ነበር፤ ለዚህ መፍትሔ የሆነኝ የራሳችን ፊደል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ጊቭ» ብሎ አቁሞ «አፕ» አይልም፤ የፊተኛው ቃል መጨረሻ ከኋለኛው መጀመሪያ ጋር ተዋህዶ «ጊቫፕ» ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት ይህን ይሸፍነዋል፤ በእኛ ፊደል ግን ተናባቢውና አናባቢው በአንድ ሆሄ ስለሚዋሐዱ ጆሮ የሰማውን እንዳለ ማስፈር ይቻላል። «ፋይንድ አውት»ን «ፋይንዳውት»፣ «ፒክ ኢት አፕ»ን «ፒኪታፕ» ብዬ ጻፍኩ፤ በአሜሪካውያን አፍ ደግሞ «ፒኪዳፕ» የሚል ይመስላል። በዚህ መልክ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ሐረጎችን ጽፌ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ፣ ቀደም ሲል የጩኸት ያህል ይሰማኝ የነበረው ንግግር ወደ ቃላት ይለወጥልኝ ጀመር። የድምፅ ጫናውንም ልብ በሉ፤ ማሽን ተበላሸ በሚለው የግስ አነጋገር ጫናው «ዳውን» ላይ ያርፋል፤ ብልሽት የሚለው ስም ሲሆን ግን ወደ «ብሬክ» ይመለሳል።

ወደ ፈሊጦች ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ሰፊ ነው። አንዳንዶቹ ያለ ምንም ድካም የሚገኙ ናቸው፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚለው በሁለቱም ቋንቋ አለ፤ «ድራግ ዩር ፊት»ም እግርን መጎተት፣ ማለትም ሆን ብሎ መዘግየት ነው። ሌሎቹ ሐሳባቸው አንድ ሆኖ ምስላቸው ይለያያል። እኛ ዋጋው አይቀመስም የምንለውን እነርሱ «ኤን አርም ኤንድ ኤ ሌግ»፣ ማለትም አንድ ክንድና አንድ እግር ያስከፍላል ይሉታል፤ እኛ በሆድህ ያዘው የምንለውን ምስጢር እነርሱ ባርኔጣህ ሥር አድርገው ይላሉ። ይህን ልዩነት ማስተያየት እጅግ ደስ ከሚለኝ የትምህርቱ ክፍል አንዱ ነው፤ የሚይዙበት ቦታ ቢለያይም ምስጢር መያዝ እንደሚከብድ ሁለቱም ሕዝቦች ያውቃሉና። እውነተኛው አደጋ ያለው ምስሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ በተለየበት ቦታ ነው። «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ቃል በቃል እጅ ስጠኝ ነው፤ በአማርኛ ግን እጅ ስጥ የሚባለው ተሸንፎ ለተከበበ ሰው ነው። እንግሊዛዊው እየጠየቀ ያለው አግዘኝ ብሎ ነው። መሸነፍን፣ ተስፋ መቁረጥንና መተውን የሚገልጸው «ጊቭ አፕ» ሲሆን፣ በሁለቱም ቋንቋ «መስጠት» የሚለው ግስ መኖሩ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል። እንዲሁም «ፑል ማይ ሌግ» እግሬን ጎተተኝ ቢመስልም ትርጉሙ «ቀልዴን ነው» እንደሚባለው ሰውን በዋዛ ማታለል ነው። ስለዚህ ምስሉ ለእናንተ የታወቀ ሲመስል ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እንግዳ ምስል ቢያንስ አላውቅህም ብሎ ያስጠነቅቃል።

ፈሊጥ እንደ ተራ ዐረፍተ ነገር አይገላበጥም። «እጅ ሰጠ» የሚለውን «እጆቹን ሰጠ» ብንለው ትርጉሙ ይፈርሳል። «ኪክ ዘ በኬት» የሚለው የመሞት ፈሊጥም በተገብሮ ግስ ባልዲው ተመታ ቢባል ስለ እውነተኛ ባልዲ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል። ይህ ፈሊጥ ክብር የጎደለው ስለሆነ በሐዘን ቤት ፈጽሞ አይነገርም፤ ለማወቅ ያህል ይታወቅ እንጂ በአንደበታችሁ ባይወጣ ይሻላል። በአጠቃላይ ፈሊጥን መረዳትና ፈሊጥን መናገር ሁለት የተለያዩ ግቦች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለመረዳት ብዙ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለመናገር ግን ጥቂቱ ይበቃል። ኃይለኛ ዝናብ ጣለ ለማለት ድመትና ውሻ ዘነበ የሚለውን ለምሳሌ የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ያስተምሩታል፤ እኔ ግን አብሬአቸው በሠራሁባቸው ዓመታት ከባልደረቦቼ አፍ አልሰማሁትም። የየፈሊጡ ምንጭ በእርግጠኝነት ሲታወቅ ለማስታወስ ይረዳል፤ ሥራን መልመድ የሚለው «ለርን ዘ ሮፕስ» ከመርከበኞች ገመድ፣ ተራው ያንተ ነው የሚለው «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት» ደግሞ ከቴኒስ ሜዳ የመጣ ነው። አገርም ይለያል፤ አንድን አጀንዳ «ቴብል» ማድረግ በብሪታንያ ለውይይት ማቅረብ ሲሆን በአሜሪካ ውይይቱን ማቆየት ነው፤ ስለዚህ ተናጋሪው ከየት እንደሆነ ሳታውቁ አትመልሱ።

ምን ያህል ልማር ለሚለው ጥያቄ ሁለት ጥናቶች መልስ ሰጥተውኛል። ጋርድነርና ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት በብዛት የሚነገሩት 100 ሐረጋዊ ግሶች 559 ትርጉሞች እንዳሏቸው አሳይተዋል፤ ይህ ቁጥር ያስፈራል። ጋርኒየርና ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2015 ያዘጋጁት ዝርዝር ግን 150 ሐረጋዊ ግሶችን መርጦ፣ ለእያንዳንዳቸው በብዛት የሚነገሩትን ብቻ በመያዝ በአማካይ ወደ ሁለት የሚጠጉ ትርጉሞችን ይሰጣል። እኔም ግቤን በዚህ ልክ ቆርጬ በሳምንት ከአምስት አልበልጥም አልኩ።

ደብተሩን በካርድ ተካሁት። አንኪ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዶችን እየቆየ መልሶ ያመጣቸዋል፤ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሳተመው የመርሳት ጥናት ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ ልንረሳው በተቃረብንበት ጊዜ መልሰን ያየነው ነገር ሥር ይሰዳል። በካርዱ ፊት ሐረጉን ብቻ አልጽፍም፤ ማን ለማን እንደተናገረው ጨምሬ የሰማሁትን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ትንሿን ቃል አስቀርቼ እጽፋለሁ። በጀርባው የመዝገበ ቃላት ፍቺ ሳይሆን እኔ በዚያ ቦታ ብሆን በአማርኛ የምለውን አሰፍራለሁ። አንድ ሐረግ ካርድ የሚሆነው በሁለት የተለያዩ ሰዎች አፍ ወይም ጽሑፍ ሳገኘው ነው፤ በተማርኩት ሳምንት ውስጥ ደግሞ በእውነተኛ መልእክት አንድ ጊዜ ለመጠቀም እጥራለሁ። ለአለቃ በሚጻፍ መደበኛ ዘገባ ግን አሁንም «ፖስትፖን»ን እመርጣለሁ፤ «ፑት ኦፍ» ለባልደረባ መልእክት ይስማማል።

ያልገባኝን ስጠይቅም «ምን ማለት ነው» ማለቱን ትቼአለሁ፤ ሰዎች እንዲህ ሲጠየቁ ያንኑ ሐረግ ዝግ ብለው ይደግሙታልና። ይልቁንም የተረዳሁትን በራሴ ቃላት አቅርቤ «እንዲህ ማለትሽ ነው?» እላለሁ። ባለፈው ወር ያችው ባልደረባዬ አንድ ዕቅድ «ፎል ስሩ» እንዳደረገ ጻፈችልኝ። «ፎል» መውደቅ፣ «ስሩ» ደግሞ በመካከል አልፎ መሄድ ስለሆነ ዕቅዱ ተሳክቶ ያለፈ ወይም የወደቀ ሊሆን ይችላል። «ዕቅዱ ሳይሳካ ቀረ ማለትሽ ነው?» ብዬ መልሼ ጠየቅኋት። አዎ አለችኝ፤ እኔም ዐረፍተ ነገሯን እንዳለ ወስጄ «ስሩ» የምትለዋን ቃል ባዶ ትቼ የሳምንቱ አራተኛ ካርድ አደረግሁት።